«ሥጋዬን» ልበል ወይስ «ሰውነቴን»?

ጥያቄ፦ በጸሎት ቡድናችን የሚነበብ አጭር ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። ርእሱን «ሥጋን ለጽድቅ ማቅረብ» ብዬው ነበር። አንድ ጓደኛዬ አንብቦ «ሥጋማ ይሰቀላል እንጂ ይቀርባል እንዴ? ሰውነት በል» አለኝ። «ብልቶቻችን» ያልኩትንም አውጣው፣ ያሳፍራል ብሎኛል። መጨረሻው ላይ ደግሞ «ሰውነታችንን እንስጥ» የሚል ዐረፍተ ነገር አለኝ። የቱን ላስተካክል?

መልስ፦ ለርእስዎ «ሰውነት»ን ይምረጡ። «ሥጋ» ስሕተት ስለሆነ ግን አይደለም። እንዲያውም ጓደኛዎ ቃሉን ያለ ጥፋቱ የኮነኑት ይመስለኛል።

ብዙዎቻችን ጥቅስ በቃላችን የያዝነው በ1954 ዓ.ም. ከታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ነውና ከእሱ እንነሣ። ሮሜ 12፥1 «ሰውነታችሁን እግዚአብሔርን ደስ የሚያሰኝና ሕያው ቅዱስም መሥዋዕት አድርጋችሁ ታቀርቡ ዘንድ» ይላል። 1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 6 መጨረሻ ላይ ግን «በሥጋችሁ እግዚአብሔርን አክብሩ» የሚል እናገኛለን። እዚያ የመንፈስ ቅዱስ ቤተ መቅደስ የተባለው ሥጋ ነው። በዚያው መልእክት ምዕራፍ 12 ላይ ደግሞ ብዙ ብልቶች ስላሉት ስለ አንድ «አካል» ይነግረናል። ሰውነት፣ ሥጋ፣ አካል። በሦስቱም ቦታ ጳውሎስ የጻፈው የግሪክኛ ቃል ግን አንድ ነው፤ ሶማ። ስለዚህ «ሥጋን ለእግዚአብሔር ማቅረብ» ቢሉ ከመጽሐፉ አማርኛ አልወጡም።

ታዲያ ጓደኛዎ ያሰቡት ሥጋ የቱ ነው? የገላትያ 5ቱ ነው። «ሥጋን ከክፉ መሻቱና ከምኞቱ ጋር ሰቀሉ» በሚለው ቦታ ግሪክኛው ሶማ አይልም፤ ሳርክስ ነው የሚለው። አማርኛው ለሁለቱም «ሥጋ» ሲል ጊዜ አንባቢ ግራ ይጋባል። መፍትሔው ዙሪያውን ማንበብ ነው። እዚያው ምዕራፍ ላይ የሥጋ ሥራ ተብለው የተዘረዘሩትን ይመልከቱ። ዝሙትና ስካር አሉ። ጥል፣ ክርክር፣ ቅንዓት፣ ምቀኝነትም አሉ። ምቀኝነት እጅም እግርም አይጠይቅም፤ እዚያው ልብ ውስጥ ተጀምሮ ያልቃል። እንግዲህ እዚህ ቦታ «ሥጋ» ያለው ቆዳና አጥንታችንን አይደለም፤ ከእግዚአብሔር ፈቃድ ጋር የሚጣላውን ዝንባሌያችንን ነው።

ይህ ልዩነት በጣም ያሳስበኛል። ሁለቱን ያቀላቀለ ሰው «አካሌ በራሱ ርኩስ ነው» ወደሚል ሐሳብ ቶሎ ይንሸራተታል። ከዚያ አካሉን ይንቃል፣ ይጠላል። «ቃልም ሥጋ ሆነ» የሚል ወንጌል የተቀበለ ሰው እንዲህ ማሰብ የለበትም።

«ሰውነት» የተሻለው ለዚህ ነው። «ሰው» ላይ «ነት» ተጨምሮበት የተሠራ ቃል ነው፤ እንደ ወንድምነት፣ እንደ እናትነት። መነሻው ሰው መሆን ማለት ነው። ዛሬ «ሰውነቴን አመመኝ» ስንል አካላችንን ማለታችን ነው፤ የፊተኛው ፍቺ ግን ከውስጡ አልጠፋም። የሮሜ 12 መሥዋዕት ደግሞ ሕያው ነው። ታርዶ አያልቅም፤ በማግስቱም ይነሣል፣ ይሠራል፣ ይናገራል። ስለዚህ አካልንም ባለቤቱንም አንድ ላይ የሚይዝ ቃል ይፈልጋል። «አካል» ብዙም አይረዳዎትም፤ የዛሬ ሰው ሲሰማው «የሚመለከተው አካል» ነው ትዝ የሚለው። «ገላ»ም የሚታጠበው ነውና ይቅር።

ወደ «ብልት» ስንመጣ ከጓደኛዎ ጋር አልስማማም። ቃሉ በየዕለት ንግግራችን ጠብቦ ወደ አንድ የአካል ክፍል መሄዱ እውነት ነው። በመጽሐፍ ቅዱሱ አማርኛ ግን ማንኛውም የሰውነት ክፍል ብልት ነው። የያዕቆብ መልእክት አንደበትን «ትንሽ ብልት» ይለዋል። ሮሜ 6፥13ም «ብልቶቻችሁንም የጽድቅ የጦር ዕቃ አድርጋችሁ ለእግዚአብሔር አቅርቡ» ይላል። ጥቅሱን እንዳለ ያንብቡት። በራስዎ ዐረፍተ ነገር ሲገቡ ግን ብልቶቹን በስማቸው ይጥሯቸው፤ እጅ፣ እግር፣ ዓይን፣ አንደበት ይበሉ። ጳውሎስም በዚያው መልእክት ምዕራፍ 3 ላይ ጉሮሮን፣ ምላስን፣ ከንፈርን፣ አፍን፣ እግርን አንድ በአንድ እየጠራ ነው ስለ ኃጢአት የተናገረው። እነዚያው የአመፅ መሣሪያ የነበሩት ናቸው በምዕራፍ 6 ለጽድቅ የሚቀርቡት። አድማጭዎ «ምላሴንስ ለምን እያዋልኩት ነው?» ብሎ ራሱን የሚጠይቀው እንዲህ ሲዘረዝሩለት ነው።

«ሰውነታችንን እንስጥ» የሚለውን ይለውጡት። «ራሱን ሰጠ» ያማረ አማርኛ ነው። «ሰውነቷን ሰጠች» ሲባል ግን ጆሮ ሌላ ነገር ይሰማል፤ እርስዎ ከሚሉት ጋር ፈጽሞ የሚቃረን ነገር። «ማቅረብ» ግን የመሥዋዕት ቃል ነው። «ቀረበ» ከሚለው የወጣ ነው፤ «ቁርባን»ም የዚሁ ሥር ቃል ነው። «ሰውነታችንን ለጽድቅ እናቅርብ» ይበሉ።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። 1ኛ ቆሮንቶስ 6ን ከጠቀሱ፣ ከርእስዎ ጋር እንዲገጥም ብለው «በሥጋችሁ» የሚለውን «በሰውነታችሁ» እንዳያደርጉት። ጥቅሱን አይንኩት፤ ከሥሩ ግን እዚህ ቦታ ሥጋ ማለት ሰውነት መሆኑን በአንድ ዐረፍተ ነገር ያስረዱ።