«ዜሮ ነው» ከተባልክ በኋላ

ባለፈው ዓመት ሐኪሜ ካልሲየም ስኮር የሚባለውን የልብ ደም ሥር ምርመራ ተመርመር ብሎ ላከኝ። ሲቲ ስካኑ ውስጥ ተጋድሜ «ትንፋሽ ሳብ፣ ያዝ፣ ልቀቅ» ተባልኩ። አሥር ደቂቃ አልሞላም። በማግስቱ ውጤቱ ስልኬ ላይ ገባ፦ ዜሮ!

ተመስገን አልኩ። ቅዳሜ ጓደኞቼን ሰብስቤ ሲልቨር ስፕሪንግ ክትፎ ጋበዝኩ። ቅቤው በጣቴ እየወረደ «ልቤ የሕፃን ልጅ ነው» እያልኩ ጉራዬን ስነዛ አመሸሁ። እስከዚህ ደህና ነው፤ ደስ ሊለኝ ይገባል። ጥፋቱ ሰኞ መጣ። ማንንም ሳላማክር የግፊት ኪኒኔን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ከሥራ መልስ የምራመደውንም ተውኩ። ልቡ ነጻ የሆነ ሰው ምን ያራምደዋል?

ከስምንት ወር በኋላ ለሌላ ጉዳይ ክሊኒክ ሄድኩ። አንዲት ሐበሻ ነርስ ግፊቴን ለካች፦ 168 በ98። ደግማ ለካች፤ ያው ነው። «መድኃኒት ይወስዳሉ?» ስትለኝ ስለ ዜሮዬ ነገርኳት።

«እሱ እኮ ግፊት አይለካም፣ ጋሼ» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ካልሲየም ስኮር የሚያሳየው በልብ ደም ሥር ግድግዳ ላይ የጠነከረውን ክምችት ነው፤ ገና ያልጠነከረውን አያይም። የልብን ኤሌክትሪክ የሚመዘግበው ኢሲጂም ቢሆን የዚያችን ቅጽበት ብቻ ነው የሚያሳይህ። ደም ሥሩ የጠበበ ሰው አርፎ ተጋድሞ ኢሲጂ ሲመረመር ንጹሕ ሊወጣለት ይችላል። ዜሮ ግን ጥሩ ዜና ነው፣ አልክድም። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ የኮሌስትሮል መመሪያ፣ ሥጋቱ መካከለኛ ሆኖ ዜሮ ለወጣለት ሰው ስታቲን የሚባለውን የኮሌስትሮል ኪኒን ሳይጀምር መቆየት ይችላል ይላል። ካላጨሰ፣ ስኳር ከሌለበት፣ ከቤተሰቡ በለጋ ዕድሜው በልብ የታመመ ከሌለ ነው ታዲያ። እኛ «ዜሮ» የምትለዋን እንሰማና «ካላጨሰ» ላይ ስንደርስ ጆሯችንን እንደፍናለን።

እንግሊዝ ያላችሁ፣ እንደ ልብ ሕመም ወይም ስኳር ያለ የታወቀ ሕመም ከሌለባችሁ፣ ከ40 እስከ 74 ዓመት ድረስ በየ5 ዓመቱ በነጻ ለምርመራ ትጠራላችሁ። ውጤቱ በመቶኛ ይመጣል። «5 ከመቶ» ማለት እንዳንተ ካሉ 100 ሰዎች አምስቱን በ10 ዓመት ውስጥ ሃርት አታክ ወይም ስትሮክ ሊያገኛቸው ይችላል ማለት ነው። ስሌቱ ላይ ዕድሜ በጣም ስለሚመዝን፣ የ40 ዓመት አጫሽ በትንሽ ቁጥር ሊሸወድ ይችላል።

የምርመራው መጠይቅ ላይ ደግሞ ጫት የሚባል ሳጥን ብዙ ጊዜ አይገኝም። ጫት የልብ ምትንም ግፊትንም ከፍ ያደርጋል። ካልነገርካቸው ከየት ያውቃሉ? አፍረህ አትደብቅ።

ውጤቱን ስትቀበል ሐኪሙን ጠይቀው። ምርመራው ያላየው ምንድን ነው? ኪኒኔን ልቀጥል? መቼ ልመለስ? ቋንቋው ካስቸገረህ አስተርጓሚ ቀድመህ ጠይቅ፤ ብዙ ሆስፒታሎች በነጻ ያቀርባሉ።

ደረትህን እንደ ድንጋይ የሚጫን ሕመም ከመጣ፣ ወደ ክንድህ ወይም ወደ መንጋጋህ ከተዛመተ፣ ያቺን ዜሮ እርሳት። አሜሪካ 911፣ እንግሊዝ 999፣ እስራኤል 101 ደውል። ራስህ መኪና እየነዳህ እንዳትሄድ፤ የኡበር ሹፌር ብትሆንም።