ገዳም የነበረው ሆቴልና የእኛ የእንግዳ መዝገብ

ይድረስ በሆቴል ሙያ ለተሰማራችሁና ለመሰማራት ለምትዘጋጁ ልጆቼ፤

ይህን የምጽፍላችሁ ከአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ከገፈርሳ ግድብ ብዙም በማይርቀው በቡራዩ ቤቴ ሆኜ ነው። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በእንግዳ መቀበያና በሆቴል አስተዳደር ሥራ በመሆኑ፣ አጥብቄ የምመክራችሁ አንድ ነገር አለ፤ የምትሠሩበትን ቤት ታሪክ ጻፉ፣ የተጻፈውንም ጠብቁ።

ለሥራ ወደ ጀርመን በሄድኩበት ጊዜ፣ በኮንስታንስ ከተማ ሐይቁ ዳር ባለች ትንሽ ደሴት ላይ የሚገኝ ሆቴል አይቼ ነበር። ቤቱን በ13ኛው ክፍለ ዘመን የመሠረቱት የዶሚኒካን መነኮሳት ናቸው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1414 እስከ 1418 በከተማዋ ታላቁ የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ሲካሄድ፣ የቦሄሚያው ሰባኪ ያን ሁስ በዚሁ ገዳም፣ ከመጸዳጃው አጠገብ በነበረ ክፍል ታስሮ በጽኑ ታመመ፤ በ1415ም በእሳት ተቃጥሎ ተገደለ። በ1785 በንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ዮሴፍ ዘመን ገዳሙ ተዘግቶ ከጄኔቫ ለመጡ ስደተኞች ተሰጠና የጥጥ ጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካ ሆነ። በኋላ በአየር መርከብ ስሙ የገነነው ፈርዲናንድ ፎን ዘፐሊን በ1838 የተወለደው በዚያው ደሴት ሲሆን፣ ቤቱ በ1875 ሆቴል እንዲሆን ያደረገው ወንድሙ ኤበርሃርድ ነው።

እኔን ያስደነቀኝ የዕድሜው ርዝመት አይደለም። ቤቱ ከመነኩሴ ወደ ፋብሪካ፣ ከፋብሪካ ወደ ሆቴል ሲሸጋገር ግንቡ አልፈረሰም፤ መነኮሳቱ ይጸልዩበት የነበረው ቤተ ክርስቲያን የግብዣ አዳራሽ ሆኗል፣ ግቢውን የሚከብበው ባለ ቅስት መተላለፊያም በቦታው አለ። በመተላለፊያው ግድግዳ ላይ የቤቱ ታሪክ ስለተሳለ፣ ወደ ቁርስ የሚሄድ እንግዳ የት እንዳደረ ሳይነገረው ይረዳል።

በእኛም አገር በ1898 ዓ.ም. የተመሠረተው የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል፣ በጥር 2007 በእሳት ከተጎዳ በኋላ እንኳ ስሙንና ወጉን ይዟል። ሁሉም ግን እንዲህ አልታደለም። በወጣትነቴ ያገለገልኩበት አንድ ሆቴል አስተዳደሩ ሲለወጥ፣ የእንግዳ መዝገቦቹ በኪሎ ተመዝነው ተሸጡ። ከጥቂት ወራት በኋላ ከሰፈር ሱቅ የገዛሁትን ግማሽ ኪሎ ስኳር ስፈታ፣ መጠቅለያው የራሴ የእጅ ጽሑፍ ሆኖ አገኘሁት፤ የእንግዳው ስም፣ የመጣበት አገር፣ ክፍል ቁጥር 14፣ በኅዳጉም «ሌሊት 11 ሰዓት ይቀስቀስ» የሚል ማሳሰቢያ። ስኳሩን በሳህን ገልብጬ ወረቀቱን አስቀመጥኩት። ሕንፃው ዛሬ የለም፤ ከዚያ ሆቴል የማውቀው ቅርስ ይህ አንድ ገጽ ብቻ ነው።

ስለዚህ ልጆቼ፣ ሥራ በጀመራችሁበት ሳምንት አንድ ደብተር ግዙ። ግንበኛው ማን እንደነበረ፣ ጣሪያው መቼ እንደተቀየረ፣ የመጀመሪያው ወጥ ቤት የት እንደነበረ ጻፉበት፤ የምግብ ዝርዝሩ ዋጋ በተለወጠ ቁጥር አሮጌውን አንድ ቅጂ በውስጡ አኑሩ። የሚያሳፍረውንም አትዝለሉ፣ ያን ሁስ የታሰረበት ክፍል ተረስቶ ቢሆን ኖሮ የደሴቱ ታሪክ ጎደሎ ይሆን ነበርና። ሆቴላችሁ የቆመበት መሬት አስቀድሞ የማን እርሻ እንደነበረ የሚያውቁ ሽማግሌዎች በቡራዩም፣ በሰበታም፣ በለገጣፎም ዛሬ በሕይወት አሉ፤ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ደብተራችሁን ይዛችሁ ሂዱና ጠይቋቸው።