ሊብሬውን ሳታይ ቀብድ አትላክ

የመኪና ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሀዋሳ የምኖር መምህር ነኝ። በኢንተርኔት የመኪና ገበያ ላይ አንዲት የ2003 ሞዴል ቪትዝ አየሁ። ማስታወቂያው «1.3 ሞተር፣ ከአደጋ ነፃ፣ የሴት ይዞታ፣ 89 ሺህ ኪሎ ሜትር ብቻ የተነዳች» ይላል። ዋጋዋ ከሌሎቹ በ300 ሺህ ብር ያንሳል። ስደውል ሻጩ «ወደ ውጭ ልሄድ ስለሆነ ቸኩያለሁ፤ መኪናዋ አዲስ አበባ ናት። ሌላ ሰው እንዳይቀድምህ 50 ሺህ ብር ቀብድ አስገባና ቅዳሜ መጥተህ ታያታለህ» አለኝ። የሊብሬውን ፎቶ ልኮልኛል፤ የባንክ ሒሳቡ ግን በወንድሙ ስም ነው። ላስገባ?

መልስ፦ አታስገባ።

ለመሸጥ የቸኮለ ሰው መኪናውን ዛሬውኑ ያሳያል እንጂ ለቅዳሜ አይቀጥርም። ደግሞስ ከገበያው በ300 ሺህ ብር ያነሰች ቪትዝ አዲስ አበባ ውስጥ ብትገኝ ወሬዋ ሀዋሳ ሳይደርስ ደላሎች ይጨርሷታል። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የአሮጌ ቪትዝ ባለቤት ሁሉ የንብረቱን ዋጋ ጠንቅቆ ያውቃል።

ስለ ቀብድ ሕጉ ግልጽ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን መሠረት ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። ጥሩ ሕግ ነው፤ ነገር ግን የሚያገለግልህ ገንዘቡን የተቀበለው ማን እንደሆነና የት እንደሚገኝ ስታውቅ ነው። ስልኩን ያጠፋን ሰው እጥፍ ክፈል ብለህ የት ታገኘዋለህ? ቀብድ መስጠት ካለብህ መኪናዋን ካየህ በኋላ፣ በጽሑፍና በምስክር ፊት፣ ሊብሬው ላይ ስሙ ለሰፈረው ሰው ስጥ። የወንድም ሒሳብ፣ የአጎት ሒሳብ የሚሉት ነገር ከተነሳ ስልኩን ዝጋ።

የሊብሬ ፎቶም ማስረጃ አይሆንህም። ፎቶ ይሠራል፣ ይዋሳልም። ዋናውን ሊብሬ ይዘህ የባለቤቱን መታወቂያ ከስሙ ጋር፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከመኪናዋ ጋር አስተያይ። ከዚያም የመኪናዋ ፋይል ወደሚገኝበት የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ከሻጩ ጋር አብራችሁ ሂዱ። የፍርድ ቤት እግድ ወይም የባንክ ዕዳ ካለባት የሚታወቀው እዚያ ነው። ከቀረጥ ነፃ የገባች ከሆነችም ቀረጡ ሳይከፈል ስም አይዛወርም፤ ይህን የሚደብቁ ሻጮች ጥቂት አይደሉም። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው ፈቃድ፣ ካልሆነ ያላገባ ስለመሆኑ ማስረጃ ውል የሚጸድቅበት ውልና ማስረጃ መሥሪያ ቤት ዘንድ ይጠየቃል። ስለዚህ ከወዲሁ ጠይቀው፤ ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ ብቅ የምትል ሚስት አታድርስ ነው።

አሁን ወደ መኪናዋ። ሻጩን «ሞተሩን ሳታስነሳ ጠብቀኝ» በለው። ስትደርስ ኮፈኑን ዳስሰው፤ ትኩስ ከሆነ አስቀድሞ አሙቆታል ማለት ነው። ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ የሚያሰማው ድምፅና የሚያወጣው ጭስ ብዙ ይናገራል። ሰማያዊ ጭስ ካየህ ሞተሩ ዘይት ይበላል።

ቀጥሎ ኮፈኑን ከፍተህ ከሞተሩ በስተጀርባ ያለውን ግድግዳ ተመልከት። የሻንሲ ቁጥሩ ብረቱ ላይ ተቀርጾ ታገኘዋለህ። በዚያ ዘመን ቪትዝ ላይ ቁጥሩ የሚጀምረው በኤስሲፒ10 ከሆነ መኪናዋ ከፋብሪካ የወጣችው በ1,000 ሲሲ ሞተር ነው፤ ኤንሲፒ10 ከሆነ 1,300 ነው። «1.3» ተብላ የቀረበችልህ መኪና በኤስሲፒ10 ከጀመረች ወይ ሻጩ ዋሽቷል፣ ወይ ሞተሩ ተለውጧል። ሞተር መለወጥ ወንጀል አይደለም፤ ነገር ግን አዲሱ ቁጥር ሊብሬው ላይ ካልሰፈረ ስም ስታዛውር ችግሩ የአንተ ይሆናል። ቁጥሩን በጣትህ ዳስሰው። ፊደላቱ እኩል ካልጠለቁ፣ ወይም ዙሪያቸው ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባ ተሰናብተህ ሂድ።

ቪትዝ ለጃፓን ገበያ የተሠራች ስለሆነች መሪዋ በመጀመሪያ በቀኝ ነበር። እኛ ጋ ከመጡት ብዙዎቹ ዱባይ ላይ ወደ ግራ የዞሩ ናቸው። ንጹሕ ሥራም አለ፣ የጥድፊያ ሥራም አለ። ዳሽቦርዱ ከበሩ ጋር የሚገናኝበትን ክፍተት በሁለቱም በኩል አወዳድር፤ መሪውን ከዳር እስከ ዳር አዙረህ የሚንቋቋ ነገር እንዳለ አዳምጥ።

89 ሺህ ኪሎ ሜትር የተባለውን እርሳው። ከሃያ ዓመት በላይ የኖረች መኪና በዓመት አራት ሺህ ብቻ ተነዳች ማለት ነው፤ ቁጥሩ ደግሞ በኮምፒውተር ይቀነሳል። የፍሬን ፔዳሉ ጎማና የሹፌሩ ወንበር ጠርዝ ምን ያህል እንዳለቁ ተመልከት። «የሴት ይዞታ» የሚለው ለምን ዋጋ እንደሚጨምርም እስካሁን አልገባኝም፤ ዘይት ሳይቀየርላቸው ጋራዤ ተጎትተው ከሚመጡት መኪኖች የወንዱም የሴቱም አለበት።

ተስማምታችሁ ውልና ማስረጃ ስትደርሱ ሻጩ «ለቴምብር ቀረጥ እንዲያንስ ዋጋውን ዝቅ አድርገን እንጻፍ» ካለህ እምቢ በል። ነገ ውሉ ቢፈርስ ተከፍሏል ብለህ የምታሳየው የተጻፈውን ብቻ ነው። ክፍያውን በባለቤቱ ስም በተሠራ ሲፒኦ (የባንክ የክፍያ ማዘዣ) ፈጽም።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ፤ ደብረ ብርሃን እኖራለሁ። ኮሮላዬን በኢንተርኔት ማስታወቂያ አውጥቼ ሸጥኩ። ገዢው «ስሙን ቆይቼ አዛውራለሁ» ብሎ ስለለመነኝ በውክልና አስረከብኩት። ሁለት ዓመት አለፈ። አሁን መኪናው ሰው ገጭቷል ተብሎ ፖሊስ ደወለልኝ። እኔ እኮ ሸጬዋለሁ!

መልስ፦ እማማ፣ ገንዘቡን ተቀብለዋል እንጂ መኪናው አሁንም በእርስዎ ስም ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 የተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ ሌላ ሰው ቢነዳውም እንኳ። ስለዚህ ፖሊስ ሲጠራዎት አይቅሩ። የውክልናውን ቅጂ፣ የሽያጭ ወረቀት ካለዎት እሱን፣ ገንዘቡ የገባበትን የባንክ ማስረጃ ይዘው ይሂዱ። በዕለቱ መኪናው የሦስተኛ ወገን መድን እንደነበረው አስቀድመው ያጣሩ፤ ካለው ጭንቀትዎ በእጅጉ ይቀላል። ውክልናውን በቁጣ ለመሻር ከመሮጥዎ በፊት ጠበቃ ያማክሩ፤ ገዢው ገንዘብ ከፍሏልና ሌላ ክስ ሊከተል ይችላል። ስም ማዛወሩን ግን ከዚህ በኋላ አንድ ሳምንት እንኳ አይታገሡት። ለእሱም ቢሆን አይበጀውም፤ ወካይ ሲሞት ውክልናው ስለሚያበቃ መኪናው ከወራሾች ጋር ሊያነታርከው ይችላል።

ጥያቄ፦ ሪያድ የምሠራ እኅታችሁ ነኝ። ለታናሽ ወንድሜ ሥራ የሚሆን ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና አዲስ አበባ ውስጥ ልገዛ አስቤአለሁ። ፎቶዎቹን በስልኬ አያለሁ፤ ግን ምን እንደማይ አላውቅም።

መልስ፦ የኤሌክትሪክ መኪና ፎቶ ምንም አይነግርሽም፤ ዋጋው ያለው ባትሪው ውስጥ ነው። ወንድምሽ ባትሪውን በኮምፒውተር ወደሚያነብ ባለሙያ ወስዶ የቀረውን አቅም በመቶኛ አስነብቦ ይላክልሽ። ከዚያ ሙሉ ቻርጅ አድርጎ ወደ እንጦጦ ይውጣበት፤ ሲነሳና ሲደርስ ስንት በመቶ እንዳሳየ ፎቶ ያንሳ። ሽቅቡ ላይ ቁጥሩ በድንገት ወደ ታች ከተንደረደረ ባትሪው ደክሟል።

ግዢው በአንቺ ስም እንዲሆን ከፈለግሽ ሪያድ በሚገኘው ኤምባሲያችን ውክልና ስጪው፤ አዲስ አበባ ላይ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ካረጋገጠው በኋላ ውልና ማስረጃ ይቀበለዋል። ውክልናው ላይ «እንዲገዛልኝ» ብቻ ይጻፍ፤ «እንዲሸጥ እንዲለውጥ» የሚለውን ካልፈለግሽው አታስገቢው። ወንድምሽን ጠርጥሬ አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ የተሠሩ ስለሆኑ የቻርጅ መሰኪያቸው ከአውሮፓው ይለያል፤ የስክሪናቸው ቋንቋም ቻይንኛ ሊሆን ይችላል። ወንድምሽ የቤት ቻርጀሩን ከመኪናው ጋር ይረከብ፤ እዚያው ፊታቸው ሰክቶ እንደሚሠራም ይይ። ለብቻው ሲገዛ ዋጋው ያስደነግጣል።