ከአንባቢያን፦ ፌርማታው ለምን ተነሣ? ባትሪውስ እስከ ማታ ይዘልቃል?

ለዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የከተማ አውቶቡስንና ባቡርን የሚመለከቱ ናቸው። ተመሳሳዮቹን አዋህደን፣ ረጃጅሞቹን አሳጥረን አቅርበናል።

ጥያቄ፦ ፌርማታችን ከትራፊክ መብራቱ በፊት ነበር። አሁን ነቅለው መስቀለኛውን ተሻግሮ ተከሉት። ድሮ መብራት ሲይዘው ሾፌሩ በሩን ከፍቶ ያወርደን ነበር፤ አሁን ብንለምነውም አይከፍትም። ለውጡ ማንን ጠቀመ?

መልስ፦ በዋነኛነት የጠቀመው የሚወርደውን ሰው ነው። ከመብራቱ በፊት የወረደ ተሳፋሪ ብዙውን ጊዜ መንገዱን የሚያቋርጠው በአውቶቡሱ አፍንጫ ሥር ነው። 12 ሜትር ርዝመትና 3 ሜትር ገደማ ቁመት ያለው አውቶቡስ ከጎኑ ለሚያልፈው መኪና ግድግዳ ማለት ነው፤ ባለመኪናው እግረኛውን የሚያየው ከግድግዳው ብቅ ሲል ነው። ፌርማታው ከመስቀለኛው ወዲያ ሲሆን ግን ማቋረጫው ከአውቶቡሱ ኋላ ይቀራል። ቆሞ በሚያወርድ አውቶቡስ ፊት ተጠምዝዞ ወደ ፌርማታው ጎን የሚታጠፈው መኪናም ችግሩ ይቃለላል።

ሁለተኛው ጥቅም ሰዓት ነው። አንዳንድ መብራቶች አውቶቡስ ሲቃረብ አረንጓዴውን ጥቂት ሰከንድ ያራዝማሉ። ፌርማታው ከመብራቱ በፊት ከሆነ መሣሪያው ተሳፋሪው ወጥቶ የሚያበቃበትን ጊዜ ሊገምት አይችልም፤ የተራዘመው አረንጓዴ በሩ ክፍት እንዳለ ያልቃል።

ጉዳትም አለው፤ የሚደርሰውም ቦታው ሲጠብ ነው። ፌርማታው የሚበቃው ለአንድ አውቶቡስ ብቻ ሆኖ ሁለት ከተከታተሉ፣ የሁለተኛው ጭራ የእግረኛ ማቋረጫው ላይ ያርፋል። ሁለት አውቶቡስ አዘውትሮ የሚገናኝበት ቦታ ከ25 ሜትር ያላነሰ ቀጥ ያለ ማቆሚያ ይፈልጋል፤ 18 ሜትር የሆኑት፣ ሁለት ክፍላቸው በመሐል በመጋጠሚያ የተያያዘ አውቶቡሶች የሚሠሩበት መስመር ደግሞ ከዚያም በላይ። ይህ ሲሆን ካዩ ፎቶ አንሥተው ለድርጅቱ ይላኩ፤ ፌርማታውን 15 ሜትር ማስረዘም መልሶ ከመንቀል ይቀላል።

ሾፌሩ መብራት ላይ የማይከፍትልዎ በአውቶቡሱና በእግረኛው መንገድ መካከል ሞተር ወይም ብስክሌት ሊያልፍ ስለሚችል ነው። እዚህ ላይ ከሾፌሩ ጎን ነን።

ጥያቄ፦ በዊልቸር ነው የምንቀሳቀሰው። አዲሶቹ አውቶቡሶች ወለላቸው ዝቅ ያለ፣ መወጣጫ ያላቸው ናቸው። ግን ብቻዬን የምወጣበት ቀን አለ፤ ሰው ካልገፋኝ የማልወጣበትም ቀን አለ። አውቶቡሱ ያው፣ ፌርማታው ያው። ምስጢሩ ምንድን ነው?

መልስ፦ የሚለየው አውቶቡሱ ከጠርዙ ምን ያህል ርቆ እንደቆመ ነው። ሒሳቡን እንሥራው። የዝቅተኛ ወለል አውቶቡስ በር ከአስፋልቱ 32 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። ሾፌሩ የአየር ከረጢቱን አስተንፍሶ ወደ በሩ ጎን ሲያዘነብለው 7 ሳንቲ ያህል ይወርዳል፤ 25 ይቀራል። የእግረኛው መንገድ ጠርዝ 15 ሳንቲ ከሆነ መወጣጫው የሚሸፍነው ከፍታ 10 ሳንቲ ብቻ ነው። በ1 ሜትር መወጣጫ ላይ 10 ሳንቲ መውጣት ክንዱ የጠና ሰው ብቻውን የሚወጣው ነው።

ሾፌሩ ማዘንበሉን ከረሳ 10ሩ 17 ይሆናል። አውቶቡሱ ከጠርዙ ከ1 ሜትር በላይ ርቆ ከቆመ ደግሞ መወጣጫው እግረኛው መንገድ ላይ ሳይደርስ አስፋልት ላይ ይወድቃል፤ በዚያው 1 ሜትር ውስጥ 25 ሳንቲ መውጣት ይመጣል። ይህን ማንም ብቻውን አይሞክረው፤ ዊልቸሩ ወደ ኋላ ይገለበጣል። ከዚያ በፊት ደግሞ ከእግረኛው መንገድ ወደ አስፋልቱ 15 ሳንቲ መውረድ አለ።

ሾፌሩ ለምን ርቆ ይቆማል? አንዳንዴ ስንፍና ነው፤ ብዙውን ጊዜ ግን ፌርማታው ላይ የቆመ መኪና ነው። 12 ሜትር አውቶቡስ ከጠርዙ ጋር ትይዩ ሆኖ ለመቆም መግቢያና መውጫውን ጨምሮ ከ30 ሜትር በላይ ነጻ ቦታ ይፈልጋል። አንዲት መኪና መግቢያው ላይ ከቆመች አውቶቡሱ አፍንጫውን ያስገባና ጭራው መንገድ ላይ ይቀራል። የፊት በሩ ጠርዙን ሊነካ ይደርሳል፤ በብዙ አውቶቡሶች መወጣጫው ያለበት የመሐሉ በር ግን ከአንድ ሜትር በላይ ይርቃል። ፊት ለፊት የሚወጡት ተሳፋሪዎች ችግሩን የማያዩትም ለዚህ ነው።

ስለዚህ አቤቱታዎ ላይ «ሾፌሩ አላስጠጋልኝም» ብቻ ብለው አይጻፉ። የፌርማታውን ስም ወይም ቁጥር፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ የአውቶቡሱን የጎን ቁጥር፣ ከጠርዙ በግምት ስንት ሜትር እንደራቀና መኪና ቆሞ እንደነበር ይጻፉ። ሦስት አራት እንዲህ ያለ አቤቱታ በአንድ ፌርማታ ላይ ከተከማቸ መፍትሔው የሾፌር ሥልጠና አይሆንም፤ የእግረኛውን መንገድ ወደ አስፋልቱ አስፍቶ አውቶቡሱ ሳይታጠፍ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ማድረግ ነው። እንዲህ ባለ ፌርማታ መኪና የሚያቆምበት ቦታም አያገኝም።

መወጣጫው ራሱ እምቢ የሚልበት ቀንም አለ። በእጅ የሚገለበጠው ዓይነት ማጠፊያው ውስጥ አሸዋና ጭቃ ይገባል፤ ለሳምንታት ካልተከፈተ ይጣበቃል። አውቶቡሱ ጠዋት ከጋራዥ ሳይወጣ መወጣጫው አንዴ ተከፍቶ መዘጋት አለበት። ፍሬንና መብራት የሚታይበት የጠዋት ምርመራ ቅጽ ላይ ይህ መስመር መኖሩን ድርጅቱን ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ የትራንስፖርት ድርጅቱ ነዋሪውን ለውይይት ጠራ። ሄድን፣ ተናገርን፣ «ተመዝግቧል» ተባልን። ከዚያ ወዲህ የተለወጠ ነገር የለም። ውይይቱ ለወጉ ነው?

መልስ፦ ለወጉ የሚጠራ ስብሰባ አለ። የሚለየው በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ነው፤ እጅ አውጥታችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ። የተወሰነው ምንድን ነው? ያልተወሰነው ምንድን ነው? ላነሣነው መልሱ በስንት ቀን፣ በምን መንገድ ይደርሰናል? ፌርማታዎቹ ተተክለው፣ አውቶቡሶቹ ታዝዘው ካበቃ በኋላ የተጠራ ከሆነ ውይይት ሳይሆን መግለጫ ነው፤ ቢያንስ በስሙ እንዲጠራ አድርጉ።

ሁለተኛው ጉዳይ የምትናገሩት ነገር ለስምሪት ክፍሉ የሚሠራበት መሆኑ ነው። «መስመሩ ሁልጊዜ ይዘገያል» የሚለውን ማንም ባለሙያ ምንም ሊያደርገው አይችልም። አራት ጎረቤታሞች ተከፋፍላችሁ ለሁለት ሳምንት፣ በሥራ ቀናት፣ ለምሳሌ ጠዋት ከ1፡10 እስከ 1፡50 አንድ ፌርማታ ላይ መዝግቡ። ሦስት ነገር ይበቃል፦ የመጣበት ደቂቃ፣ የጎን ቁጥር፣ ቦታ ነበረው ወይስ ሞልቶ አለፈ።

ከዚያ ወረቀት ሦስት የተለያዩ በሽታዎች ይለያሉ። ለ25 ደቂቃ ምንም ካልመጣና ቀጥሎ የመጣው አንድ ብቻ ከሆነ፣ መውጣት የነበረበት አውቶቡስ አልወጣም፤ የመኪና ወይም የሾፌር እጥረት ነው። ለ25 ደቂቃ ጠፍተው ሦስት ተከታትለው ከመጡ ወጥተዋል፤ መንገድ ላይ ተጠራቅመዋል። በሰዓታቸው እየመጡ ሞልተው ካለፉ ደግሞ የሚፈለገው ተጨማሪ አውቶቡስ ነው። ለመጀመሪያው የተሰጠ መድኃኒት ሁለተኛውን አያድንም።

መጠራቀሙ የሾፌሮች ወሬ የሚመስለው ብዙ ሰው አለ። አይደለም። ጥቂት የዘገየ አውቶቡስ በየፌርማታው የሚያገኘው ሰው ስለሚበዛ ይበልጥ ይዘገያል፤ ተከታዩ ጥቂት ሰው ስለሚያገኝ ይፈጥናል፤ በመጨረሻ ይደርስበታል። አልፎ አልፎ ግማሽ ባዶ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ያለምክንያት ቆሞ የምታዩትም ክፍተቱን ለመጠበቅ ነው። ውስጥ ለተቀመጠው ያናድዳል፤ ወደ ፊት ለሚጠብቁት ግን ይጠቅማል።

«አውቶቡስ ጨምሩ» ከማለታችሁ በፊት ይህንን ማባዛት ያዙ። አንድ አውቶቡስ ደርሶ ለመመለስ፣ የመጨረሻው ፌርማታ ላይ የሚያርፍበትን ጨምሮ፣ 60 ደቂቃ ከፈጀበት በየ10 ደቂቃው ለማስነሣት 6 አውቶቡስ ያስፈልጋል፤ በየ6 ደቂቃው ከሆነ 10። መንገዱ ተጨናንቆ 60ው 70 ቢሆን በዚያው 6 አውቶቡስ ጥበቃው ወደ 12 ደቂቃ ይጠጋል። ለአውቶቡስ ብቻ የተከለለ መንገድ 60ውን ወደ 50 ቢያወርደው ግን በየ10 ደቂቃው ለማስነሣት 5 ይበቃል። አንድ አውቶቡስ ከነሾፌሩ ሳይገዛ ተገኘ ማለት ነው። እኛ ነዋሪ ብንሆን ስብሰባ ላይ ከአውቶቡስ ይልቅ መንገድ የምንጠይቀው ለዚህ ነው።

ለድርጅቶቹም አንድ ነገር፦ በሥራ ሰዓት አዳራሽ ውስጥ የተጠራ ስብሰባ ላይ የማታ ፈረቃ ሠራተኛ አይመጣም። የመጨረሻውን አውቶቡስ የሚጠብቀውን ሰው ለማግኘት የመጨረሻው አውቶቡስ ፌርማታ ላይ መቆም ነው።

ጥያቄ፦ የኤሌክትሪክ አውቶቡስ በእርግጥ ንጹሕ ነው? ማታ መንገድ ላይ ባትሪው ቢያልቅስ?

መልስ፦ በከተማ ውስጥ የሚሠራ 12 ሜትር የናፍጣ አውቶቡስ በ100 ኪሎ ሜትር 40 ሊትር ገደማ ይወስዳል እንበል። በቀን 200 ኪሎ ሜትር ቢሠራ 80 ሊትር ነው። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.7 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚወጣ ቀኑ ከ210 ኪሎ በላይ ነው። የኤሌክትሪኩ ከጭስ ማውጫው ምንም አያወጣም፤ ጭስ ማውጫም የለውም። ኃይሉ ከከሰል ከመጣ ብክለቱ ወደ ኃይል ማመንጫው ይዛወራል፤ ከውሃ፣ ከነፋስ ወይም ከፀሐይ ከመጣ ግን አብዛኛው ይቀራል። ፌርማታ ላይ የቆመው ሕፃን ሳንባ ግን በሁለቱም ያተርፋል።

አንድ የሚረሳ ነገር፦ ያው የናፍጣ አውቶቡስ በኪሎ ሜትር ከ1 ኪሎ ትንሽ በላይ ያወጣል። 40 ሰው ከያዘ ለአንድ ሰው 27 ግራም ነው፤ 5 ሰው ብቻ ከያዘ 216፣ ይህም ብቻውን መኪና ከሚነዳ ሰው ብዙም አይሻልም። ባዶውን የሚዞር መስመርን በኤሌክትሪክ ከመተካቱ በፊት ሰው ለምን እንደማይሳፈርበት መጠየቅ ይቀድማል።

ባትሪው ማለቁን በተመለከተ፣ ነገሩ የዕቅድ ነው። 350 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ ሙሉ በሙሉ አይሟጠጥም፤ 80 በመቶው፣ ማለትም 280ው ነው ለስምሪት የሚታሰበው። በኪሎ ሜትር 1.2 ቢወስድ 233 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ኃይለኛ ሙቀት ወይም ብርድ ሆኖ ማቀዝቀዣው ወይም ማሞቂያው ቀኑን ሙሉ ከሠራ ፍጆታው 1.6 ሊደርስ ይችላል፤ ርቀቱም ወደ 175 ይወርዳል። ከዓመታት በኋላ ባትሪው አርጅቶ የሚይዘው በአምስት አንድ ሲቀንስ በደህናውም ቀን 187 ብቻ ይሆናል። 200 ኪሎ ሜትር የተመደበለት አውቶቡስ አዲስ ሳለ በደህናው ቀን ችግር የለውም፤ ሲያረጅ ግን በደህናውም ቀን ያስቸግራል። ስለዚህ ድርጅቱን የምትጠይቁት ጥያቄ ይህ ይሁን፦ ስምሪቱ የተሰላው በአዲስ ባትሪ ነው ወይስ ባረጀ?

ጋራዡም ሌላ ራስ ምታት ነው። 50 አውቶቡስ እያንዳንዱ 240 ኪሎ ዋት ሰዓት ቢፈልግ ሌሊቱን 12,000 ነው። በ6 ሰዓት ውስጥ ተራ በተራ ከተሞሉ 2,000 ኪሎ ዋት መስመር ይበቃል። ሁሉም ከምሽቱ 4 ሰዓት እንደገቡ ባለ 100 ኪሎ ዋት ቻርጀር ላይ ከተሰኩ ግን 5,000 ይጠይቃል፤ ትራንስፎርመሩ አይችለውም። ይህን ማቀናጀት የሚቻል ለመሆኑ የቻይናዋ ሼንዘን ምስክር ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ከ16,000 በላይ አውቶቡሶቿን በሙሉ ወደ ኤሌክትሪክ አዙራለች።

ጸጥታው ራሱ አደጋ ሊሆን ይችላል፤ ማየት የተሳነው ሰው መምጣቱን አይሰማም። የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 138 እንዲህ ያሉ ተሽከርካሪዎች እስከ 20 ኪሎ ሜትር በሰዓት ፍጥነት ድረስ ድምፅ እንዲያሰሙ የሚያዝዘው ለዚህ ነው። ሾፌሩ ድምፁን የሚያጠፋበት ማብሪያ ካለ፣ እንዲነሣ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ አውቶቡስ ውስጥ ያለችው ቀይ መዶሻ እውነት መስኮት ትሰብራለች?

መልስ፦ ትሰብራለች፤ ከመሐሉ ሳይሆን ከማዕዘኑ አጠገብ ከመቷት። የጎን መስኮት ሲሰበር ወደ ፍርፋሪ የሚለወጥ ዓይነት ነው። የፊት መስታወቱ ግን በመሐሉ ፕላስቲክ ስላለበት ይሰነጠቃል እንጂ አይወድቅም፤ ጊዜ አያጥፉበት። ከመዶሻው በፊት በሩን ይሞክሩ፦ ከበሩ በላይ ያለውን የአደጋ ጊዜ እጀታ ያዙሩ፣ አየሩ «ፍስስ» ብሎ እስኪያልቅ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቁ፣ ከዚያ በእጅ ይግፉ። ሰው የሚሳሳተው አየሩ ሳይወጣ መግፋቱ ላይ ነው፤ በሩ የተቆለፈ ይመስለውና ይተወዋል።

ጥያቄ፦ ስልኬ ባቡር ጣቢያ ሐዲድ ላይ ወደቀ። ባቡሩ ገና ነበር፤ ወርጄ አነሣሁት። ሠራተኛው የጮኸብኝ ያን ያህል ምን አድርጌ ነው?

መልስ፦ በአንዳንድ መስመሮች ከሐዲዱ ጎን የተዘረጋው ሦስተኛ ሐዲድ 750 ቮልት ገደማ ይሸከማል፤ ሲታይ ተራ ብረት ነው። ባቡርም እንደ መኪና አይቆምም፦ ብረት በብረት ላይ ይንሸራተታል። በመንገድ ላይ የሚሄድ ትራም እንኳ በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ላይ እያለ ነጂው አይቶ እስኪያቆመው ወደ 50 ሜትር ይፈልጋል፤ መኪና በ30 ገደማ ይቆማል። መድረኩ ላይ ሆኖ የቀለለው ግንብ ከታች ሲታይ ደረት ይደርሳል፤ ተንጠላጥሎ መውጣት ያልለመደ ሰው እዚያ ይቀራል።

ዕቃ ሲወድቅ ለሠራተኛ ይንገሩ፤ ለዚህ የሚሆን ረጅም መልቀሚያ ጣቢያው ውስጥ ይኖራል። ሰው ከወደቀ ግን መድረኩ ላይ ያለውን የአደጋ ጊዜ ማቆሚያ ቁልፍ ይጫኑ፤ ሠራተኛ እስኪመጣ ከላይ ሆነው ያነጋግሩት እንጂ ተከትለው አይውረዱ። ቁልፉ የት እንዳለ ነገ ባቡር ሲጠብቁ ይፈልጉት።