«ሐኪሙ ምን አለ?» ስትለኝ ምን ልበላት?

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ እናቴ 61 ዓመቷ ነው። የማኅፀን በር ካንሰር እንደያዛት ያወቅነው ከተሠራጨ በኋላ ነው። ሐኪሙ እኛን ለብቻ ጠርቶ «ከእንግዲህ ሕመሟን ማስታገስ ነው» አለን። ቨርጂኒያ ያለው ታላቅ ወንድሜ ማታ ማታ እየደወለ «እንዳትነግሯት፣ በድንጋጤ ትሞትብናለች» ይላል። እኛም «ቁስለት ነው» ብለናታል። ባለፈው ሳምንት ፀጉሯን ስሠራት «ሐኪሙ ግን ምን አለ?» አለችኝ። «ትድናለች ብሏል» ብዬ ወደ ጓዳ ገባሁ። የታዘዘላትን የሞርፊን ሽሮፕም ሱስ ያስይዛል፣ ቶሎ ይገድላል ስለተባልን የምንሰጣት ሲብስባት ብቻ ነው። ምን ላድርግ?
ከኮተቤ

መልስ፦ እህቴ፣ ከሽሮፑ ልጀምር። እያመማት ስለ ምንም ነገር ልታወራሽ አትችልምና። ሞርፊን የሚሰጠው በሰዓቱ እንጂ በጩኸት አይደለም። የሽሮፑ ጉልበት ለ4 ሰዓት ያህል ነው፤ በየ4 ሰዓቱ የሚታዘዘውም ሕመሙ ሳይመለስ እንድትቀድሙት ነው። እስክትጮህ ከጠበቃችሁ፣ የዋጠችው እስኪሠራላት ደግሞ ሌላ ግማሽ ሰዓት ትሰቃያለች። ሐኪም በወሰነው ልክ ሲሰጥ ሞት አያፋጥንም፤ ለካንሰር ሕመም የሚወስደውን ሰውም ሱሰኛ ያደርገዋል ብላችሁ አትስጉ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቀናት ታንቀላፋ ይሆናል። ቀስቅሳችኋት አልነቃ ካለች ግን ለሐኪሙ ደውሉ። የማይቀረው የሆድ ድርቀት ነው፤ የሚያለሰልስ መድኃኒት አብሮ ካልታዘዘላት ነገውኑ ጠይቂ። ብዙ ቤት ሽሮፑ ጠርሙሱ ሳይጎድል የማገኘው በዚሁ በድርቀት ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ጓዳው። እኔም ገብቼበታለሁ።

አባቴን ጉበቱ ላይ ካንሰር ሲይዘው እኔ ነርስ ነበርኩ፤ የሰው ቤት እየዞርኩ «ንገሩት» የምል። የራሴን አባት ግን «ጨጓራ ነው» አልነው። አንድ ቅዳሜ የእድር ደብተሩን ከትራሱ ሥር አውጥቶ «ያልተከፈለውን ክፈዪልኝ፤ የመጪውን ስድስት ወርም ጨምሪበት» አለኝ። «አንተ ደግሞ አባዬ፣ ምን አስቸኮለህ?» ብዬ ሳቅሁ። ትንሽ አየኝና ደብተሩን መልሶ ከትራሱ ሥር አስገባው። ዳግም አላነሣውም። ለእድሩ ዳኛ ግን ሁሉንም አጫውቷቸው ኖሯል፤ የሰማሁት በሰልስቱ ነው። «ልጆቼ እንዳይደነግጡብኝ» ብሏቸዋል።

እናትሽም ካንሰር ክፍል ወንበር ላይ ከሌሎች ሴቶች ጋር ተራ ጠብቃለች። ምን ክፍል እንደሆነ ሳትሰማ የቀረች ይመስልሻል?

እኛ ለቀሪው መርዶ ስንነግር ያለን ጥበብ! ዘመድ ተጠራርቶ፣ ማን እንደሚናገር ተመካክሮ፣ ጎህ ሲቀድ በሩ ላይ እንደርሳለን። ለራሱ ለታማሚው ግን አንድም ወግ የለንም። ደግሞም አንቺን «መርዶ ንገሪያት» አላልኩሽም። ሲጀመር ጠያቂዋ እሷ ናት። «አንቺ ምን ይመስልሻል እማዬ?» በያትና ዝም በይ። ዝምታው ይከብዳል፤ ቡና አፍልቼ ልምጣ አትበይ። «ተዪው፣ ፈጣሪ ያውቃል» ካለች፣ አለማወቅም መብቷ ነውና ተዪያት። «አልድንም አይደል?» ካለች ግን «ትድኛለሽ» አትበያት። ቀንና ወርም አትቁረጪላት፣ ሐኪሙም አያውቀውም። «ምን አሳሰበሽ?» ብለሽ ጠይቂያት። ብዙ ጊዜ የሚመጣው መልስ ሞቱ አይደለም፤ ያልታረቀች እህት፣ የቤቱ ካርታ፣ የመጨረሻው ልጅ ትምህርት ነው። ኑዛዜ ካነሣችም «አፍሽ ላይ ይቅር» አትበሏት። ሌላ ሰው የሚጽፍላት ከሆነ በእሷና በ4 ምስክሮች ፊት ተነቦ እዚያው መፈረም አለበት።

ወንድምሽን አልፈርድበትም። ሩቅ ያለ ሰው የሚይዘው ነገር ስለሌለው ማዘዝ ይቀናዋል። ለለቅሶው የሚቆርጠውን ትኬት አሁን እንዲቆርጥ ንገሪው።

ብቻሽን አትወጪው፤ ሆስፒስ ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ድረስ የሚመጡ ነርሶች አሉት። ፀጉሯን ስትሠሪያት ነው የጠየቀችሽ አይደል? ፊት ለፊት ሳይተያዩ ማውራት ይቀላል። ሽሮፑን ከወሰደች ከአንድ ሰዓት በኋላ ማበጠሪያውን ይዘሽ ከኋላዋ ተቀመጪ።