በትል ማጥመድ ለምን ይከለከላል ላልከው ወንድሜ፣ የደረሰብኝን ልንገርህ

ትራውት የሚባለው የቀዝቃዛ ውሃ ዓሳ በዱር በሚራባበት ወንዝ ላይ በትል ማጥመድ መከልከሉ ፍትሃዊ ነው ወይ ብለህ ጠይቀሃል። እኔም ድሮ ክልከላውን የሚደግፉትን "በዝንብ (ከላባና ከክር ነፍሳት አስመስለው በሚሰሩት መንጠቆ) ካልሆነ ማጥመድ አይደለም የሚሉ ኩራተኞች" ነበር የምላቸው፣ አሁን ግማሹን አምኜበታለሁ ግማሹን ግን አሁንም አልቀበልም።

1. ልትበላው ከሆነና ቁጥሩም መጠኑም ከተፈቀደው ካላለፈ በትል መያዝ ነውር የለውም። ለሚታረድ ዓሳ በምን ተያዘ ብሎ መጨቃጨቅ ምንድነው?

2. ልትለቀው ከሆነ ግን ትሉን እርሳው። ትራውት ትሉን እውነተኛ ምግብ ስለሆነ ይውጠዋል፣ መንጠቆው ጉሮሮው ወይ ስንጥቡ ጋ ይደርሳል፣ አርቴፊሻል ዝንብ ሲሆን ግን ቶሎ ስለሚተፋው ብዙ ጊዜ ከንፈሩ ላይ ነው የሚያዘው። ቴይለርና ዋይት የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1992 የብዙ ጥናቶችን ውጤት ሰብስበው ሲያዩ እንደ ትል ባለ የሚበላ ማባበያ ተይዘው ከተለቀቁት 30 በመቶ ገደማ ሲሞቱ በዝንብና በሌላ አርቴፊሻል ከተያዙት 5 በመቶ አይሞሉም። የዱሩ ደግሞ እንደ እርባታው በመኪና ተጭኖ መጥቶ አይተካልህም፣ ጠጠር ውስጥ እንቁላል ጥሎ ራሱ ነው የሚራባው። እኔ ይሄን ሳላውቅ ጉሮሮ የገባ መንጠቆ በጉልበት እየነቀልኩ ስንቱን ለቅቄ፣ ስመለስ ሆዳቸው ወደ ላይ ሆኖ አግኝቻቸዋለሁ፣ እስካሁን ይቆጨኛል። ቢውጠው እንኳን ክሩን አፉ ጋ ቆርጠህ ልቀቀው፣ የመትረፍ እድሉ በጣም የተሻለ ነው።

3. ደንቡን ቃል በቃል አንብብ። መቼም አንተም እንደኔ ከወንዙ ታች በትል ጀምረህ ነው ወደ ላይ የምትወጣው፣ የወንዙ ላይኛው ክፍል በአርቴፊሻል ብቻ የሚጠመድበት ነበር፣ እኔ ደግሞ ያንን ሽታ ያለው እንደ ሊጥ እየተድቦለቦለ መንጠቆ ላይ የሚደረገውን ፋብሪካ ስለሰራው አርቴፊሻል ነው ብዬ ነው የያዝኩት። ዝም ብዬም አልሄድኩም፣ ፈቃድ የሚሰጡበት ቢሮ ሄጄ ጠይቄያለሁ፣ ሰውየው ከስልኩ ቀና ሳይል "ተለጥፏል፣ አንብብ" አለኝ። የተለጠፈው ላይ ስለ ሊጡ አንድ ቃል የለም! ተቆጣጣሪው ያዘኝ፣ ሊጡ እንደ ማባበያ ይቆጠራል አለ፣ ቦርሳዬን ሲያስከፍተኝ ከወንዙ ታች ሳጠምድ የተረፈኝ የትል ጣሳ ወጣ፣ እዛ ክፍል ይዞ መገኘቱ ብቻ ያስቀጣል ተባልኩ፣ አልተጠቀምኩበትም ብል ማን ይሰማኛል። ለሁለቱም ለየብቻ ተቀጣሁ፣ የዓመት ፈቃዴን ብዙ እጥፍ። ቅሬታ ይዤ ስሄድ ያው ሰውዬ "መጠየቅ ነበረብህ" አለኝ፣ የዛን ቀን የተናደድኩትን በህይወቴ ተናድጄ አላውቅም።

ከዛ በኋላ ዝንብ ለመድኩ፣ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ ግን አሁን የተለቀቀ ዓሳ አይሞትብኝም ማለት ይቻላል፣ በቀደም ክንዴን የሚያህል ከውሃ ሳላወጣው ነቅዬለት ሲሄድ ቆሜ አየሁት። ስለዚህ የምትጠይቀውን በጽሁፍ ጠይቅ፣ መልሱንም በጽሁፍ ተቀበል፣ የክፍሉ ወሰን ምልክት የት እንደሆነ አይተህ እለፍ፣ የተረፈህን ትል ደግሞ ወደ ላይ ሳትወጣ መኪና ውስጥ ተወው።