46 ዲቢኤም ስንት ዋት ነው?

ወንድማችን ሁለት ነገር ጠይቋል። የትራንስሚተሩ ስክሪን 46 ዲቢኤም (የኃይል መለኪያ አሃድ ነው) ይላል፤ በእጁ ያለው ሜትር ግን የሚያነበው በዋት ነው፤ እንዴት ይቀይረው? ስልኩ ደግሞ −95 ዲቢኤም ያሳያል፤ ከዜሮ በታች የሆነ ኃይል አለ ወይ?

ከስልኩ ልጀምር፣ እሱ ይቀላል። 0 ዲቢኤም ማለት 1 ሚሊዋት ነው እንጂ ኃይል የለም ማለት አይደለም። እንደ ባህር ወለል ውሰደው። ዳሎል ከባህር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል፤ መሬቱ ግን አለ፣ ሰውም ይረግጠዋል። −95ም ከ1 ሚሊዋት እጅግ ወርዶ የተገኘ ኃይል ነው። 1 ዋትን ለአንድ ትሪሊዮን ብታካፍለው የአንዷ ድርሻ ሲሶ ያህል ይሆናል። ስልክህ በዚህችው ያወራል፣ የሚገርም ነው።

ወደ 46ቱ እንምጣ። ካልኩሌተር አያስፈልግህም። ዲቢ የኃይል ልዩነት መለኪያ ነው፤ 10 ዲቢ ሲጨመር ኃይሉ 10 እጥፍ ይሆናል፤ 3 ዲቢ ሲጨመር ደግሞ በእጥፍ ያድጋል። ትንሽዬ ይጎድላል፣ ለእኛ ሥራ ግን ግድ የለም። ከ0 ተነስተህ 10 ዲቢ ሦስት ጊዜ ብትጨምር 1 ሚሊዋቱ 1000 እጥፍ ይሆናል፤ ስለዚህ 30 ዲቢኤም 1 ዋት ነው። 40 ላይ 10 ዋት፣ 43 ላይ 20፣ 46 ላይ 40 ዋት። አለቀ።

ከዋት ወደ ዲቢኤም ስትሄድ መጀመሪያ ወደ ሚሊዋት ቀይር፣ ካልኩሌተር ላይ ሎግ ተጫን፣ በ10 አባዛ። 40 ዋትን ሳትቀይር ካስገባህ 16 ይሰጥሃል። እሱ ከ1 ሚሊዋት ሳይሆን ከ1 ዋት የሚነሳው ዲቢዋት ነው፤ 30 ደምርበት። ዲሽ የምትሠሩ ልጆች ሜትራችሁ በዲቢ ማይክሮቮልት ከሆነ በ75 ኦም ኬብል ላይ 109 ገደማ ቀንሱ፣ ዲቢኤም ይመጣላችኋል።

አሁን እኔን ያዋረደኝን ልንገርህ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን እያንዳንዳቸው 40 ዲቢኤም የሚያወጡ ሁለት አምፕሊፋየሮች ተጣምረው አየሁና ሪፖርቱ ላይ 80 ዲቢኤም ብዬ ጻፍኩ። አለቃዬ አነበበው። «100 ኪሎዋት! ጄኔሬተሩን ከየት አመጣኸው?» ቢሮው በሳቅ ተሞላ። 10 ዋት እና 10 ዋት 20 ዋት ነው፤ 43 ዲቢኤም። ዲቢኤም መጠን ነው፣ ዲቢ ደግሞ ልዩነት። መጠን ላይ ልዩነት ትደምራለህ፣ ትቀንሳለህ። ሁለት መጠኖችን ለመደመር ግን መጀመሪያ ወደ ዋት መልሳቸው።

«ታዲያ ሁሉንም በዋት ብንሠራስ?» የሚሉ አሉ። እኔም እንደዚያ እል ነበር፣ አንድ ሳይት ላይ እስክፈተን ድረስ። ትራንስሚተሩ እንዳንተው 46 ያወጣል። በኬብሉ የላይኛው ጫፍ ስለካው 10 ዋት ብቻ። 30 ዋት ጠፋ ማለት ምንም አይነግርህም። በዲቢ ሳየው ግን 46 ገብቶ 40 ወጣ፤ 6 ዲቢ ጠፍቷል። የኬብሉ ወረቀት ለዚያ ርዝመት የሚፈቅደው 2 ዲቢ ነው። 4ቱን ሌላ ነገር በልቶታል ማለት ነው።

ትራንስሚተሩን አስጠፍቼ የላይኛውን ኮኔክተር ፈታሁት። ውሃ ጠብ አለ። መሃሉ ያለችው ፒን አረንጓዴ ዝገት ለብሳለች። ከኔ በፊት የነበረው ሰው ቴፑን እንደነገሩ ነው የጠቀለለው። እርጥቡን ኬብል ቆርጬ ጣልኩ፣ አዲስ ኮኔክተር ገጠምኩ፣ አስበራሁ። ሜትሩ 25 ዋት አነበበ፤ 44 ዲቢኤም።